የቤት ውስጥ ስቱዲዮ

ኮምፒውተሬ ኩሩ ነው። የገዛሁለትን ማይክ ንቆ ከስክሪኑ አናት ባለችው የገዛ ጆሮው ያዳምጣል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማይኩን አፌ ሥር ደቅኜ ስዘፍን፣ የተቀዳው የማራገቢያው ጩኸትና ከመንገድ የመጣ «ቆራሊዮ!» ነበር። ጥርት ብሎ! ሰውየው ድምፅ አለው።

ሴቲንግ ገብቼ ማይኩን ስመርጥለት ደግሞ «እምምም» የሚል አጃቢ ጨመረልኝ፤ የ50 ኸርዝ የኤሌክትሪክ በገና። ቻርጀሩን ስነቅለው ፀጥ አለ። ስለዚህ የሰፈራችን ምርጥ የድምፅ ባለሙያ የመብራት መጥፋት ነው፦ ፍሪጁ ዝም፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን ዝም። ባትሪዬ 9 ደቂቃ ይቆያል። ኮምፒውተሩ ለመነሳት 6 ይፈልጋል፤ ዘፈኑ 5 ደቂቃ ነው። አዝማቹን ትቼዋለሁ።