ማርሚታም ይመረጥ ጀመር!

ያ ጀመዓ፣ እስቲ ፍረዱኝ። የልጅ ልጄ ከሰሞኑ እህል አይቀምስ፣ እንቅልፍ አይተኛ። ምን ሆንክ ብለው «አባባ፣ ለሞተር ሳይክሌ ማርሚታ መምረጥ አቅቶኝ ነው» አይለኝ መሰላችሁ! በኛ ጊዜ ሰው የሚቸገረው ሚስት ለመምረጥ ነበር፤ እሷንም ቢሆን አባት ይመርጥና ነገሩ ያልቃል። ማርሚታ ጭስ ያወጣል፣ ሌላ ምን ሥራ አለው? ዛሬ ግን አሶሳ ውስጥ ጋራዥ ደጃፍ የተኮለኮለ ጎረምሳ ሁሉ ወሬው ስቴንለስ፣ ታይታኒየም፣ ካርቦን ሆኗል። ስለ ማሽላ የሚጠይቅ አንድ የለም።

እኔ ከወሎ በ1977 ለሰፈራ ስመጣ ብረት አንድ ዓይነት ነበር፤ ብረት። አምባ 14 የሰፈርን ጊዜ የግብርናው ሰው አንዲት ያማሃ ነበረችው። አቤት ድምፅ! ገና ከከተማ ስትነሳ እኛ አምባችን ሆነን እንሰማት ነበር፤ ልጅ አዋቂው ግር ብሎ ይወጣል፣ ልብ ይሞቃል። የዛሬዎቹ ይጮኻሉ እንጂ ድምፅ የላቸውም። ቤንዚኑ ከዘይት ጋር ተደባልቆ ስለሚነድ ጭሷ ሰማያዊ ነበር፤ ሽታው ራሱ ሸጋ፣ ትንኝ የሚያባርር። (ወባው ያኔም ነበረ፤ እሱን ተዉት።) ማርሚታዋ ተራ ጥቁር ብረት ሆኖ አንድም ቀን ተበላሽቶ አያውቅም። በየክረምቱ ይበሳል፤ እኛም የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ቀደን፣ አልብሰን፣ በሽቦ ጥፍር አድርገን እናስረዋለን። አልፎ አልፎ ወልቆ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ተመልሶ ማንሳት ነው። እንዲህ ያለ ማለፊያ ዕቃ ዛሬ ከወዴት ይመጣል?

ልጁ ደግሞ ሊያስተምረኝ ይቃጣዋል። ጥቁር ብረት ከውጭ ብቻ ሳይሆን ከውስጥም ይዝጋል ይለኛል። ቤንዚን ሲነድ ውሃም ይወጣዋል፤ ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ ከቤት ገበያ፣ ከገበያ መስጊድ እየተባለ ከጠፋ ያ ውሃ ማርሚታው ሆድ ውስጥ ተኝቶ ይበላዋል። የኛ አገር ዝናብ ደግሞ ከግንቦት ገብቶ ጥቅምትን የሚያይ ነው፣ ከላይም ከታችም ይረጥባል። ይሁን፤ የድሮ ዝናብ ግን ብረት አይበላም ነበር።

ስቴንለስ የሚሉት ክሮም ቢያንስ 10.5 በመቶ ይገባበታል። ክሮሙ ላዩ ላይ ዓይን የማያየው ስስ ሽፋን ያበጃል፤ ቢቧጨር እንኳ ሽፋኑ ራሱን ይመልሳል። ነጋዴው መቼም ያለውን ሁሉ «ኦሪጅናል ነው» ይላል። ጎረምሶቹም ከአሮጌ ስፒከር ማግኔት ነቅለው ያስጠጋሉ፤ ከያዘ «ፎርጅድ!» ብለው ይሳለቃሉ። አይ አለማወቅ! ማግኔት እምብዛም የማይስበው 304 የሚባለው ነው፤ ክሮሙ 18፣ ኒኬሉ 8 በመቶ ገደማ። 409 ግን ክሮሙ 11 በመቶ አካባቢ ሆኖ ማግኔት ይይዘዋል፣ እሱም ስቴንለስ ነው። ፋብሪካዎች ለጭስ ማውጫ በብዛት የሚሠሩበት እሱን ነው፤ ላዩ ቡናማ ይልበስ እንጂ ቶሎ አይበሳም። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ስልኬ ላይ አፍጥጬ ሳድር ነው። ወላሂ፣ ይሄ ስልክ የሚሉት ትውልዱን ጨረሰው።

ታይታኒየሙን ደግሞ ስሙ። ክብደቱ ከብረት ግማሽ ትንሽ አለፍ ቢል ነው፤ ሲግል ሰማያዊም ወርቅማም ይሆናል፣ ልጆቹን የሚያሳብዳቸው ይሄ ቀለሙ ነው። ሰማያዊ የተቀባ ቆርቆሮ ታይታኒየም ተብሎ የተሸጠለትም አለ። «ሞተሩን ለማቅለል ነው አባባ» ይለኛል። ከኋላ ሁለት ሰው፣ ከፊት የማሽላ ጆንያ፣ ከጆንያው ላይ ፍየል ጭኖ፣ ማርሚታዬ ኪሎ ቀነሰ ብሎ ይደሰታል! ሲሰነጠቅስ? በተራ ኤሌክትሮድ አይበየድም፤ አየር እንዳያገኘው በአርገን ጋዝ ተከልሎ ነው። ትልቁ የመብራት ግድብ እዚሁ ክልላችን፣ ጉባ ላይ፣ ጳጉሜ 2017 ተመረቀ፤ እሰየው። የሰፈራችን በያጅ ግን መብራት ሲሄድበት ካርታ ሲጫወት ይውላል፤ አርገኑን ከየት ያምጣው?

አሉሚኒየም 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ሞተሩ አፍ ላይ ካስጠጉት ጉድ ነው፣ ከኋላ ላለው ቆብ ብቻ ይሆናል። ካርቦን የሚሉት ጨርቅ ነው፤ በሙጫ የደረቀ ጨርቅ! ይኸው አገሩን የሞላው ሽመል እያለልን ለእሳት ጨርቅ እንገዛለን። ድምፅ ከተፈለገማ፣ የበርታ ጎረቤቶቻችን የሚነፉትን ዋዛ የሚሠሩት ቅል ከቅል ቀጥለው ነው። አንዱ አንዲት ድምፁን ይሰጣል፣ ሌላው ይቀበለዋል፣ አገር ይደምቃል፤ የምን ብረት ነው ብሎ የጠየቀ ሰምቼ አላውቅም።

የሚብሰው ግን ማርሚታ ገዝተው ሲያበቁ ሆድ ዕቃውን መዘርገፋቸው ነው። ውስጡ ያሉት ክፍልፋዮች ድምፁን እንዲውጡ የተቀመጡ ናቸው። እነሱን አውጥተህ ካርቡራተሩን ካላስተካከልክ አየሩ ይበዛና ሞተሩ ይግላል፤ ያተረፍከው ጩኸትና የጎረቤት እርግማን ነው። ግለቱማ ለተሳፋሪውም ይደርሳል፤ በቀኝ በኩል የወረደ ሁሉ ባቱ ላይ ጠባሳ ይዞ ይሄዳል። ባልተቤቴ ሁለት አላት። በበቅሎ ዘመን ማን ተቃጠለ? በቅሎ ብትራገጥ እግር ትሰብር ይሆናል እንጂ አታቃጥልም።

በስተመጨረሻ ነገሩን እኔው ቆረጥኩት፤ ብሩም ከኔው ኪስ ነው የሚወጣው። 409 ግዛ፣ ሆዱን እንዳትነካ፣ ባት እንዳይጠብስ ከለላ ይኑረው፣ የሚጮህ ነገር ደጄ እንዳይደርስ አልኩት። ብቻ ከከተማ ስመለስ ባልተቤቴ ቡናውን እንድትጥድ አምባው መግቢያ ላይ ሰማ ሰማ ይበል። ዋጋው ካልተለያየ ደግሞ ያ ሰማያዊው ይሁን።