ገንዘቡ ሰኔ ላይ ይመጣል

ኧረ ደከመን! ባቱ ከተማ ውስጥ ሥራ ፈላጊ ልጅ ካለበት ቤት አንድ ፋይል አይጠፋም። የመታወቂያ ኮፒ፣ የቀበሌ ማስረጃ፣ የማኅበር ቃለ ጉባኤ፣ የስልጠና ሰርተፊኬት፣ የንግድ ዕቅድ ታጭቆበታል። ማኅተሙ ሁሉ ተሟልቷል። ያልመጣው ብድሩ ነው።

መንግሥት በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር መድቦ የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድን በአዋጅ ሲያቋቁም ደስ ብሎን ነበር። ኦሮሚያ በወጣቱ ተቃውሞ ስትናጥ ከርማለች፤ ሰሚ ተገኘ አልን። ሐሳቡ ዛሬም ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። መያዣ የሚሆን ቤትም መሬትም የሌለው ልጅ ባንክ ሄዶ ምን ይላል? የሚያንገበግበኝ አሰጣጡ ነው።

መጀመሪያ «ተደራጁ» ይባላል። ቁጥር ለመሙላት የጎረቤት ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ ጓደኛ ይጨመራል። ሥራ አብረው ሠርተው የማያውቁ ልጆች አንዱ የሌላው ዋስ ሆነው ይፈርማሉ። ከዚያ አንዷ ዓረብ አገር ትሄዳለች፣ አንዱ አዳማ ሥራ ያገኛል፣ ዕዳው እዚሁ የቀሩት ላይ ይወድቃል። ከልጅነታቸው ጀምሮ ደምበል ሐይቅ ላይ መረብ አብረው የሚጥሉ ሁለት ወንድማማቾች ግን «ቁጥራችሁ አይሞላም» ተብለው ይመለሳሉ።

ከሁሉም የሚብሰው ጊዜው ነው። የባቱ ሥራ ወቅት አለው። ቲማቲምና ሽንኩርት በመስኖ የሚተከለው ዝናቡ ሲወጣ ነው፤ የዓሣ ገበያ የሚደራው በሁዳዴ ነው። መሥሪያ ቤቱ «በጀት አልተለቀቀም» እያለ መስከረምን ያሳልፋል፣ ሁዳዴንም ያሳልፋል፤ በጀት ሊዘጋ ሲል፣ ሰኔ ላይ፣ «ኑ ፈርሙ» ይላል። ክረምት መግቢያ ላይ የመስኖ ብድር ምን ይሠራል? ልጁ ገንዘቡን እጁ ላይ አቆይቶ ይበላዋል፣ ወይም ሁሉም ወደገባበት ወደ ባጃጅና ወደ ቡና ቤት ይገባል። ከዚያ «ወጣቱ ብድር አይመልስም» ይባላል። እንዴት ይመልስ?

ዋጋውም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሰማይ ነክቷል፤ የውሃ ፓምፕም አልቀረለትም። ዕቅዱ ላይ የተጻፈው ዋጋ ግን አልተነካም። ልጆቹ «አስተካክሉልን» ሲሉ «ከሀ ጀምሩ» ይባላሉ፤ እንደገና ቃለ ጉባኤ፣ እንደገና ስልጠና። ስንት ጊዜ ነው ሰው ስለ «ሥራ ፈጠራ» የሚሰለጥነው?

ልጆቹ ሥራ ጠፍቶባቸው አይደለም። ሐይቁ ደጃቸው ነው። ቆሮሶ ዓሣው ጠዋት ከጀልባ ወርዶ በረዶ ካላገኘ በዚህ ሙቀት ስንት ሰዓት ይቆያል? ስለዚህ ነጋዴው የጠራውን ዋጋ ይቀበላሉ። ቲማቲሙም ያው ነው፤ የሁሉም በአንድ ሳምንት ሲደርስ ደላላው ዋጋውን ይጥለዋል፣ ማሳ ላይ የሚቀረውም ብዙ ነው። ከባቱ በስተደቡብ ቡልቡላ ላይ የግብርና ምርት ማቀነባበሪያ ፓርክ ተሠርቶ ተመርቋል። ለእነዚህ ልጆች የበረዶ ማሽንና ማቀዝቀዣ ክፍል አበድሮ ምርታቸውን ከፓርኩ ጋር ማገናኘት ይህን ያህል ይከብዳል?

ሪፖርቱ ሲወጣ ደግሞ በየዓመቱ በሚሊዮን የሚቆጠር የሥራ ዕድል ተፈጠረ ይባላል። ለሦስት ወር የቀን ሥራ የገባውና የራሱን ድርጅት የከፈተው እኩል ከተቆጠሩ ቁጥሩ አገሩን ምን ይነግረዋል? ከዓመት በኋላ ተመልሶ «ሥራው አለ ወይ?» ብሎ የጠየቀኝም፣ ጎረቤቶቼን የጠየቀም አላየሁም።

እባካችሁ የወረዳም የዞንም ኃላፊዎች፣ ሌላ ፕሮግራም አትጨምሩልን። ያለውን ብድር በመስከረም ስጡ። አብሮ የሠራ ሁለት ሰው ይበቃል በሉ። የዕቃውን ዋጋ ገንዘቡ በሚለቀቅበት ቀን አስሉ። ይህን ለማድረግ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም።