ሙሉ ድምፅ፣ ጠባብ ደረጃ

ሙዚቃ በምሰማበት አፕ ላይ ከዘፈኑ ርዕስ ሥር «ሎስለስ» የምትል ትንሽ ጽሑፍ ትታያለች። ድምፁ ከስቱዲዮ ሲወጣ የያዘውን ሁሉ ይዞ፣ ቅንጣት ሳይጎድልበት እንደደረሰ የምትመሰክር ጽሑፍ ናት። እኔም አያታለሁ፣ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ «አቤት ጥራት!» እላለሁ። ባለቤቴ ታዲያ «ዘፈኑ እኮ ገና አልጀመረም» ትለኛለች።

የእሷ ነገር እንዳለ ይሁንና ቁጥሩ ቀልድ አያውቅም። ሲዲ ድምፅን በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱን ልኬት በ16 ቢት ይጽፋል፤ ይህንንም ለግራና ለቀኝ ለየብቻ ያደርገዋል። ሲባዛ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ይመጣል። ፍላክ የሚባለው ፎርማት ይህን ጠቅልሎ ብዙ ጊዜ ግማሽ ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ያደርገዋል፤ ሲፈታ ግን አንዲት ቢት አትጠፋም። ይህ ሁሉ ጭነት ከባሕር ማዶ ተነሥቶ፣ በባሕር ሥር ኬብል ተጉዞ፣ በጅቡቲ በኩል ገብቶ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ የኮንዶሚኒየማችን አራተኛ ፎቅ ላይ ስልኬ ውስጥ ይገባል። ምንም አልጎደለበትም። የጎደለ ነገር ቢኖር የኔ ፓኬጅ ነው። ከዚያ ከስልኬ እስከ ጆሮዬ ክንድ የማትሞላ መንገድ ትቀረዋለች። ጉዱ ያለው እዚያች ላይ ነው።

ስልክና ሄድፎን በብሉቱዝ ሲገናኙ መጀመሪያ የሚያደርጉት «አንተ የትኛውን የድምፅ መጠቅለያ ዘዴ ታውቃለህ?» ተባብሎ መጠያየቅ ነው። ሌላ የጋራ ነገር ካጡ፣ ሁሉም የግድ ሊያውቀው በሚገባው በኤስቢሲ ይስማማሉ። ኤስቢሲ በተለመደው ከፍተኛ ጥራቱ በሰከንድ የሚያሳልፈው 328 ኪሎቢት ያህል ነው። 1,411 መጥቶ በ328 ይለፍ ማለት ኮንዶሚኒየም የኖረ ሁሉ የሚያውቀው ጣጣ ነው፤ ትልቅ ሶፋ ተገዝቶ ደረጃው ላይ ይቀረቀራል። አናጢ ይጠራል፣ አናጢውም መጋዙን ያነሣል። ኤስቢሲ ቸኩሎ የሚቆርጥ አናጢ ነው። ኤኤሲ የተባለው ግን ብልጥ ነው፤ የሚቆርጠው ወደ ግድግዳ የሚዞረውን ጀርባ ነው። ከበሮው ጎላ ብሎ ሲመታ አጠገቡ ያለችውን ስስ ድምፅ ጆሯችን ስለማይለያት እሷን ይጥላታል፤ የተረፈውን ገጣጥሞ ሳሎን ያስገባል። እንግዳ መጥቶ ቢቀመጥበት «እንኳን ደስ ያላችሁ!» ብሎ ነው የሚመርቀው። እኔ ግን ጀርባው እንደሌለ አውቄያለሁ፤ እንዴት ተደላድዬ ልቀመጥ?

ነገሩን ሻጮቹ ደብቀውኛል ማለትም አልችልም። አፕል እ.ኤ.አ. በ2021 ሎስለስ ሙዚቃ ሲያቀርብ፣ ኤርፖድስ ማክስ የተባለው የራሱ ውድ ሄድፎን እንኳ በብሉቱዝ እንደማይቀበለው በግልጽ ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ2016 አይፎን 7 ላይ የኢርፎኑን ቀዳዳ የደፈነውም ይኸው አፕል ነው። ገመዱን ወስዶ፣ ገመድ የሚፈልግ ሙዚቃ ሰጠን። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ላይ በኛ ሰፈር ሽማግሌ ይላክበታል።

ሶኒ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ኤልዳክ የሚባል ሰፋ ያለ በር ከፈተ። ሦስት ማርሽ አለው፦ 990፣ 660 እና 330። ልብ በሉ፣ ትልቁ ማርሽም ቢሆን 1,411 አይሞላም። እሱንም ቢሆን ስልኩ በራሱ አስተያየት ይቀያይረዋል እንጂ አያማክራችሁም። በአንድሮይድ ላይ አስገድዶ በ990 ለማስሄድ የገንቢዎች ማውጫ የሚባለውን መክፈት ያስፈልጋል፤ ለዚያ ደግሞ የሲስተሙን የቢልድ ቁጥር ሰባት ጊዜ መንካት ነው። ጠበል ለለመደ ሰው ሰባት አይከብድም። ነካሁ፣ ተከፈተልኝ፣ 990 ላይ ቆለፍኩት፣ ስልኩን የኋላ ኪሴ ከትቼ ወደ ኩሽና ሄድኩ። ዘፋኙ «ትዝ» ብሎ ጠፋ። ዞር ስል «ታ» አለ።

ምክንያቱ እኔው ነኝ፤ ማለትም ሰውነቴ። አብዛኛው የሰው አካል ውሃ ነው፣ ብሉቱዝ የሚጠቀምበትን የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ደግሞ ውሃ ይውጠዋል። በዚያው ሞገድ አካባቢ የጎረቤት ዋይፋይ አለ፣ ማይክሮዌቭ አለ። ብሉቱዝ ይህን ግርግር ለማምለጥ በሰከንድ እስከ 1,600 ጊዜ ከቻናል ቻናል ይዘላል። ሰው ሽሮ እስኪያማስል ድረስ ይህን ሁሉ መዝለል! ትንሽ እንኳ አዘንኩለት።

«እንግዲያው ዋይፋይ!» አልኩ። ለዋይፋይ 1,411 ምንም አይደለችም፤ የዋይፋይ ስፒከሬ ሶፋውን ሳይቆርጥ ያስገባል። ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ድምፁ እንዳይቆራረጥ አስቀድሞ ያጠራቅማል፤ ስለዚህ «አቁም» ስለው ትንሽ ዘፍኖ ነው የሚያቆመው። የታዘዘ ሳይሆን አስቦበት የተስማማ ይመስላል። ለዚህም ስለምድለት ነበር፤ መብራት ሄደ እንጂ። ራውተሩ ጠፋ፣ ስፒከሩ ጠፋ፣ ሎስለሱ ሙሉ በሙሉ ጎደለ። ታች ደረጃው ላይ የተቀመጡት ወጣቶች ግን ባትሪ ያላትን የብሉቱዝ ስፒከራቸውን ከፍተው በዚያችው በ328 ኪሎቢት ብሎኩን በሠርግ ዘፈን አናወጡት። እስክስታ የሚመታ ሰው ስለ ኪሎቢት አይጠይቅም።

ወረድ ስል ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛ ጎረቤታችን በራቸው ላይ ቆመዋል። በባትሪ ድንጋይ ከሚሠራው ቴፓቸው ላይ የድሮ ካሴት እየሰሙ ነው።

«ምን ሆነህ ነው ልጄ፣ ፊትህ የጠቆረው?» አሉኝ።

«ሙዚቃ እየሰማሁ መብራት ሄደብኝ ጋሼ። አምሐ እሸቴ ያሳተማቸውን የድሮ ዘፈኖች ነበር።»

የአምሐ አሳታሚ ድርጅት፣ አምሐ ሪከርድስ፣ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፤ እሳቸው ዘፈኖቹን በሸክላ ያውቋቸዋል። ጥራቱን አስረዳኋቸው። ማስተር ቴፑ ጠፍቶ ዘፈኑ ከሸክላው የተገለበጠ ከሆነ፣ የሸክላው ጭርጭርታም ሳይቀር አንድ ቢት ሳትጎድል እንደምትመጣ ነገርኳቸው።

«ጭርጭርታው ሙሉውን?»

«ሙሉውን ጋሼ።»

«እኔም ቤት ሙሉውን ነው» አሉና ካሴቱን ገለበጡት።

በመጨረሻ ገመድ ገዛሁ። ስልኬ ቀዳዳ ስለሌለው መጀመሪያ ቅያሪ ጃክ፣ ከዚያ ሳሎኑን ከጥግ እስከ ጥግ የሚያቋርጥ ረጅም ሽቦ። አሁን ድምፁ ሳይቆረጥ አምፕሊፋየሩ ጋ ይደርሳል፤ ስልኬም ቡፌው ላይ ታስሮ ይውላል። ሰው ሲደውልልኝ ተነሥቼ፣ ሽቦውን ተራምጄ፣ ቡፌው አጠገብ ቆሜ አወራለሁ። የባለቤቴ እናት ባለፈው ሲመጡ ቆሜ ሳወራ አይተው «ይሄ ምንድን ነው ልጄ?» ብለው ልጃቸውን ጠየቁ።

«የመስመር ስልክ አስገብተን ነው እማዬ» አለቻቸው።