አምስተኛው ጎማ፦ አሰቃቀሉ፣ ክብደቱና አንድምታው

መኪና የሚሄደው በአራት ጎማ ነው። በዚህ ላይ በዘርፉ ሊቃውንት መካከል ክርክር የለም። ክርክር የሚነሳው በማይሄደው በአምስተኛው ነው፤ ይልቁንም ባለቤቱ ጂፑን በረጃጅም ሞላ ከፍ አስደርጎ፣ የፋብሪካውን ጎማ አውልቆ፣ ለአቅመ ትራክተር የደረሰ ጎማ ከገጠመለት በኋላ። አራቱ ወዲያው ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። አምስተኛው ጋራዥ ግድግዳ ተደግፎ ይቀራል። ይህ ጥናት ጉዳዩን በሚገባው ክብደት ለመመርመር የቀረበ ሲሆን፣ የሚገባው ክብደት ከነቸርኬው 45 ኪሎ ገደማ ነው።

ስለ ዘመን አቆጣጠር አንድ ማሳሰቢያ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ስኮርታው ራሱ ከዚያው የመጣ ነውና።

የስኮርታ ታሪክ በዌልስ ይጀምራል። በ1904 በላኔሊ ከተማ ስቴፕኒ ጎዳና ላይ የብረታ ብረት ሱቅ የነበራቸው የዴቪስ ወንድማማቾች፣ ጎማ በለበሰ ባዶ ቀለበት ብዙ ሰው ከመከራ አዳኑ። በዚያን ጊዜ የመኪና እግር እንደ ዛሬው በቀላሉ ተፈትቶ አይወጣም። ጎማው በፈረስ ጫማ ሚስማር የተበሳበት ሾፌር መንገድ ዳር ተቀምጦ እዚያው ይጠግናል። የወንድማማቾቹ ቀለበት ግን ከተነፈሰው እግር ላይ በማሰሪያ ተጣብቆ ሰውየውን ቤቱ ያደርሰዋል። ቀላል ነበር፣ ጠቃሚ ነበር፣ ማንም ለፎቶ አልቆመበትም።

ለፎቶ የተቆመበት በኋላ ነው። ኤድስል ፎርድ በ1939 የአውሮፓ መልክ ያለው መኪና ለራሱ ሲያሠራ፣ ስኮርታው ልባስ ለብሶ ከኋላ በኩል ውጭ እንዲቆም ተደረገ። ከዚያ የተወለደው ሊንከን ኮንቲኔንታል ነው። በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ያንን መልክ በተራ መኪና ላይ መቀጠል ፋሽን ሆነ። በ1957 ደግሞ ክራይስለር በኢምፔሪያል መኪናው የኋላ ክዳን ላይ የጎማ ቅርጽ ያለው ጉብታ እያወጣ ለፈለገ መሸጥ ጀመረ፤ እውነተኛው ጎማ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ተጋድሟል። ተሳላቂዎች ጉብታውን የሽንት ቤት መቀመጫ አሉት። ለጥናታችን ግን ትልቅ ምዕራፍ ነው፤ ስኮርታ ሳይኖር መታየት እንደሚችል የተረጋገጠበት ነውና።

በአገራችን የዕድሜ ባለጸጋ የሆነ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ሌላውን ወገን ነው። በሚያዝያ 1948 አምስተርዳም ላይ ለሕዝብ የታየው ላንድሮቨር፣ ኢትዮጵያ የገቡትን ጨምሮ፣ ብዙ ጊዜ ስኮርታውን ኮፈኑ ላይ አጋድሞ ይሄድ ነበር። ዘይት ለማየት የፈለገ ሾፌር ኮፈኑን ከነጎማው ያነሳል። በዚያን ዘመን የሞተር ዘይት የሚታየው በጥንቃቄ ብቻ ሳይሆን በወገብም ነበር ማለት ነው። ከ1984 ጀምሮ የመጣው ባለ ሰባ ቁጥር ላንድክሩዘር ጎማውን ወደ ኋላ በር ወሰደው። ራቭ ፎርም ተከተለ፤ በፕላስቲክ ክዳን ሸፍኖ፣ በጨዋነት።

ወደ መጠኑ እንለፍ። የአሁኑ ትውልድ ጂፕ ራንግለር፣ ተራው ዓይነት፣ ከፋብሪካ የሚወጣው በ245/75 ባለ 17 ጎማ ነው። ቁጥሩ ሲፈታ ቁመቱ 79.9 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ባለቤቱ ሠላሳ አምስት ኢንች ብሎ የሚገዛው 315/70 ደግሞ ሲሰላ 87.3 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ይህም 34.4 ኢንች። የጎደለችው ስድስት አሥረኛ ኢንች የት እንደገባች ማንም አይጠይቅም፤ በዚህ ማኅበረሰብ ቁጥር ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይጠጋጋም። ከሰባት ሳንቲ ሜትሩ ጭማሪ መኪናውን ከመሬት የሚያነሳው ግማሹ ብቻ ነው፤ የቀረው ግማሽ ወደ ሰማይ ይሄዳል። የፍጥነት መቁጠሪያው እንዲያውቀው ካልተደረገ፣ 100 ሲል መኪናው 109 ላይ ነው። ይህንን ለትራፊክ ፖሊስ በሳይንስ ማስረዳት ይቻላል፤ ቅጣቱን ግን አያስቀርም።

«ታዲያ አራቱ ትልልቅ ይሁኑ፤ አምስተኛው ለምን ትንሹ አይሆንም?» የሚል ጥያቄ ከውጭ ሰዎች ይመጣል። መልሱ የማያስቅ ነው። በአንድ አክስል ላይ አንዱ ጎማ ትልቅ፣ ሌላው ትንሽ ከሆነ ሁለቱ በእኩል አይዞሩም። ልዩነቱን ዲፈረንሻሉ ሳያርፍ ሲያቻችል ይውላል፤ ዲፈረንሻሉ ከተቆለፈ ደግሞ የሚያቻችል የለም፣ የሚሰበር ይፈለጋል። በዚያ ላይ በዓለት የሚሄዱ ሰዎች ጎማው መሬት እንዲይዝላቸው ነፋሱን እስከ 15 ፒኤስአይ ያወርዳሉ። ጎማው ሲላላ ጎኑ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ስለታም ድንጋይም የሚያገኘው እሱን ነው። ፊቱ ላይ የገባን ሚስማር በመድፈኛ ላስቲክ ማዳን ይቻላል፤ የተቀደደን ጎን ግን ማንም አያድነውም። ከ1967 ጀምሮ በየፋሲካቸው ጂፖች የሚሰበሰቡበት የዩታው ሞአብ የዓለት መንገድ፣ ወይም 35 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው የካሊፎርኒያው የሩቢኮን መንገድ፣ ጎማ ቤት የለበትም። ይህ የጥናቱ አሰልቺ ክፍል ነው፤ ጎማ ተሸካሚዎቹ እዚህ ላይ ትክክል ናቸውና።

ችግሩ መኪናው ከዓመቱ ቀናት አብዛኛውን የሚያሳልፈው ሞአብ ሳይሆን የሱፐርማርኬት ማቆሚያ ላይ መሆኑ ነው።

ስኮርታውን የት ማስቀመጥ ይገባል በሚለው ላይ፣ እንደ ዋሸራና ጎንጅ፣ የተለያዩ ቤቶች አሉ። ሰፊው የኋላ በር ቤት ነው። ጎማው ከኋላ በር ላይ መሰቀሉ ስለምን ነው ቢሉ፦ አንድም ሌላ ቦታ ስለሌለ ነው። አንድም አባቱ ዊሊስ ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲዘምት ከኋላው አዝሎት ስለነበር ነው። አንድም ከኋላ የሚከተለው ሾፌር መንገዱን ትቶ እሱን እንዲያይ ነው። አንድም በመኪናውና በግድግዳ መካከል ትራስ እንዲሆን ነው፤ ይህን የመጨረሻውን ግን ሊቃውንቱ ሁሉ አልተቀበሉትም፣ ግድግዳ ያላቸው በተለይ።

የበሩ ጉዳይ ራሱን የቻለ ትራጄዲ ነው። የጂፕ መሐንዲሶች ለ2018 ሞዴል የበሩን ውስጠኛ አካል ከማግኒዥየም፣ ልባሱን ከአልሙኒየም ሠሩት፤ ኪሎ ለመቆጠብ። ባለቤቱም የተቆጠበውን ኪሎ በአደራ ተቀብሎ ከነወለዱ በጎማ መልክ መለሰው። በሩ ለፋብሪካው ጎማና ቸርኬ፣ ለ30 ኪሎ ገደማ፣ የታሰበ ነው። 45 ኪሎ ሲንጠለጠልበት፣ ያውም ከማጠፊያው ርቆ በሩ መካከል ላይ፣ ጠጠር መንገድ በገባ ቁጥር ማጠፊያውን ይመዝዘዋል። መጀመሪያ ይንኳኳል። ቀጥሎ በሩ ሲዘጋ ከታች ያዝ ማድረግ ይጀምራል፤ ባለቤቱ በጉልበቱ ገፋ እያደረገ ይዘጋዋል፣ ይህንንም ልማድ እንጂ ብልሽት አይለውም። በመጨረሻ ብሎኖቹ ዙሪያ ያለው ቆርቆሮ ይሰነጠቃል። ነገሩ ስም ማጥፋት እንዳይመስል፦ ፋብሪካው ራሱ በ2021 ሠላሳ አምስት ኢንች ጎማ ያለው ራንግለር ሲያወጣ የበሩን ማጠፊያ አጠናክሮ ነው የሸጠው።

ጎማው ትልቅ በመሆኑ ታችኛው ጠርዙ ባምፐሩን ይነካል። ስለዚህ መስቀያው ከፍ ይደረጋል። ከፍ ሲል የኋላውን መስታወት ይሸፍናል፣ ሦስተኛውን የፍሬን መብራትም ይጋርዳል። ያንን መብራት የአሜሪካ ሕግ ከ1994 ሞዴል ጀምሮ ለእንዲህ ዓይነት መኪኖች ግዴታ አድርጎታል፤ ስለዚህ እሱም በማራዘሚያ ብረት ከጎማው በላይ ይወጣል። ከግንቦት 2018 ጀምሮ ደግሞ የኋላ ካሜራ ግዴታ ነው። በራንግለሩ ላይ ካሜራው የሚቀመጠው ስኮርታው መካከል፣ ቸርኬው እምብርት ላይ ነው። እንግዲህ ሾፌሩ ወደ ኋላ ማየት ያቃተው በጎማው ምክንያት ሲሆን፣ የሚያይለት ዓይን የተተከለውም ጎማው ውስጥ ነው። አዲሱ ቸርኬ የተለየ ጥልቀት ካለው ካሜራውም ማዛወሪያ ይገዛለታል።

በሩን ለማሳረፍ የቆረጠ ሰው ጎማውን ከበሩ አውርዶ ባምፐሩ ላይ በተተከለ የብረት ክንድ ያንጠለጥለዋል። በሩ ዳነ። ባምፐሩና ክንዱ ግን ጠንካራ ብረት ናቸው፤ ክብደታቸው ከጎማው ቢበልጥ እንጂ አያንስም። የመኪናው ጀርባ ይጎብጣል። ለጎበጠ ጀርባ ጠንካራ ሞላ ይገባል። ጠንካራው ሞላ ጀርባውን ያነሳል፣ ከተነሳ ዘንድ ከሥሩ ክፍተት ይታያል፣ ክፍተት የታየበት ባለቤትም ከዚያ የሚበልጥ ጎማ ማሰብ ይጀምራል። ከዚህ ወዲያ አንድ ከረጢት ሽንኩርት ለመጫን ሁለት ነገር ይከፈታል፤ ክንዱ ከዚያም በሩ። መኪናው ዳገት ላይ ከቆመ ሁለቱም በራሳቸው ፈቃድ ይመለሳሉ፣ ሽንኩርት የያዘው ሰው በመካከል እያለ።

ስለ ጣሪያ ቤት ብዙ መባል የለበትም። ደጋፊዎቹ ጎማውን ፖርቶመጋላ ላይ ያስተኙታል፤ አስቀድሞ ከፍ በተደረገ መኪና ላይ ሌላ 45 ኪሎ ከሁሉም በላይ መጫን ማለት ነው። መኪናው በተዳፋት ጎን ሲሄድ ልብ የሚያቆመው ለዚህ ነው። ምድር ቤት ማቆሚያ የሚገቡም አይደሉም። የውስጥ ቤት ሰዎች የኋላ ወንበር አጥፈው ጎማውን ያስገቡታል፤ ጭቃውም፣ ሽታውም፣ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት የመምጣት ዝንባሌውም አብሮ ይገባል።

ሌላው ዓለም በዚህ መካከል ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ሄዷል። የአሜሪካው የመኪና ማኅበር ኤኤኤ እንዳስታወቀው፣ በዚያች አገር ከተሸጡት የ2015 ሞዴል መኪኖች ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ያለ ስኮርታ ነው የወጡት። ለብዙዎቹ በምትኩ መንፊያና መድፈኛ ፈሳሽ ተሰጥቷቸዋል። አንዱ ወገን ስኮርታውን ሲጥል ሌላው ያንኑ ያህል አሳድጎ አነሳው። የጎማ ብዛት በፍጥረት ውስጥ ሳይቀየር እንደሚኖር ይጠረጥራል ይህ ጥናት፤ ማረጋገጫ ግን የለውም።

በአፋር በረሃ ቱሪስት የሚያደርሱ ላንድክሩዘሮች ከእነዚህ ቤቶች በአንዱም አይመደቡም። ሁለት ስኮርታ ቢጭኑም ማንም ቆሞ አያያቸውም፤ ወደ ኤርታሌ የሚወስደው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጎማን የሚያከብር አይደለም። ጎማቸው የፋብሪካው መጠን ነው። በየከተማው መግቢያ ጎሚስታ አለ፣ መንፊያውን አስነስቶ፣ አሮጌ ጎማ በር ላይ እንደ ማስታወቂያ አቁሞ። የተቀደደ ጎን ሳይቀር ከውስጥ በጨርቅና በላስቲክ ሲታከም ይታያል፤ ማንም አያድነውም ከላይ የተባለው ከዚህ ሰው ጋር ያልተዋወቀ ተመራማሪ የጻፈው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ በር ላይ የተሰቀለ ስኮርታ ሌላ ጥያቄ ያስነሳል፤ ነገ ጠዋትም እዚያው ይኖራል ወይ የሚል። ስለዚህ በሰንሰለትና በቁልፍ ይታሰራል። ቁልፉ የት እንዳለ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጎማው የሚተነፍሰው እሱ በሌለበት ቀን ነው።

ጎማው በእርግጥ የተነፈሰ ዕለት የሚሆነው ይህ ነው። የፋብሪካው ክሪክ ከፍ ያለውን መኪና አይደርስበትም። ስለዚህ ኢንዲያና ውስጥ ከ1905 ጀምሮ የሚሠራው ረጅሙ የሃይሊፍት ክሪክ ይወጣል፤ እጀታው ካመለጠ አገጭ የሚፈልግ መሣሪያ ነው። መኪናው ይነሳል። ከዚያ ባለቤቱ ስኮርታውን ሊያወርድ ከብሎኖቹ ያላቅቀዋል፣ በዚያች ቅጽበት 45 ኪሎ ምን ማለት እንደሆነ ወገቡ ይነግረዋል። ሲያወርድ መሬት ታግዘዋለች። መግጠም ግን ብልሃት ይጠይቃል፦ ሰውየው መሬት ላይ ይቀመጣል፣ ከጎማው ሥር አካፋ ወይም ረጅም ብረት ያስገባል፣ በብረቱ ጎማውን ሽቅብ እያነሳ ቀዳዳዎቹን ከብሎኖቹ ጋር ያገጣጥማል። ጭነት መኪና ላይ ይህን የሚሠራው ረዳቱ ነው። ጂፕ ግን ረዳት የለውም፤ ባለቤቱ ረዳትም ነው፣ ሾፌርም ነው፣ ፎቶ አንሺም ነው።

ተጨማሪ ጉዳይ የዕድሜ ነው። በአሜሪካ ገበያ በሚሸጥ ጎማ ጎን ላይ በታተመው ረጅም መለያ መጨረሻ አራት አሃዞች አሉ፤ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለቱ ዓመቱን ይነግራሉ። 2318 ማለት ጎማው የተሠራው በ2018 ሃያ ሦስተኛ ሳምንት ነው። ላስቲክ መንገድ ባይነካም ያረጃል። አንዳንድ የመኪና ፋብሪካዎች ጎማ ስድስት ዓመት ሲሞላው ይቀየር ይላሉ፣ የጎማ ፋብሪካዎች ደግሞ ከአሥር አያሳልፉትም፤ ስኮርታው ጭምር። ጠንቃቃ ባለቤት ስለዚህ አምስቱንም በዙር ያፈራርቃል፤ በሌላው ባለቤት መኪና ላይ ግን ስኮርታው ፀሐይ ሲሞቅ፣ ዝናብ ሲመታው፣ በር ሲያጎብጥ ቆይቶ አንድ ኪሎ ሜትር ሳይሽከረከር ጡረታ ይወጣል። ጥርሱ ላይ ያለው የአዲስ ጎማ ፀጉር ገና አልረገፈም።

ያኔ አምስቱንም መቀየር ይመጣል። ፎርድ ከ2022 ጀምሮ ብሮንኮ ራፕተርን በሠላሳ ሰባት ኢንች ጎማ፣ ከነስኮርታው የኋላ በሩ ላይ ሰቅሎ፣ ከፋብሪካ እያወጣው ነው። የጂፕ ባለቤቶችም ይህን ሰምተዋል፤ የሠላሳ ሰባቱ ክብደት ከነቸርኬው 50 ኪሎ ይጠጋል፣ የመስቀያ ብረቱም ለብቻው ይሸጣል።