ኬ ማለት ኬረዳሽ!

«ብራውዘሩ ስለ ራሱ የሚልከውን ዩዘር ኤጀንት ካነበብኩ ስልኩንም ብራውዘሩንም አውቃለሁ» አልክ፣ አንተ ድረ ገጽ ሠሪ? ስሙልኝ ጎበዝ! ይሄ ሰው በር ላይ ቆሞ «ሌባ ነህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ «አይደለሁም» ያለውን ሁሉ ያስገባል። ፍተሻ መሆኑ ነው!

እስቲ የራስህን ክሮም ጠይቀው። «ሞዚላ 5.0 ነኝ» ብሎ ይጀምራል። «አፕል ዌብኪት» ይላል። «እንደ ጌኮ» ይላል። ክሮም መሆኑ ትዝ ሲለው ስሙን ጣል ያደርግና «ሳፋሪ» ብሎ ያሳርጋል። ሳፋሪ? ሰፋሪ ነው እንጂ! ሰው ስም ላይ የሰፈረ። አንተ ግን ሳፋሪ የሚል ባየህ ቁጥር «አይፎን መጣ!» ብለህ እልል ትላለህ።

ውሸቱን ማን አስተማራቸው? እናንተው! ድሮ ኔትስኬፕ ነበር፤ የቤት ስሙ ሞዚላ። ፍሬም የሚባለውን ነገር ስለቻለበት፣ ታላላቆችህ «ሞዚላ ካልሆንክ ደህናዋን ገጽ አታያትም» እያሉ ሌላውን መለሱ። የማይክሮሶፍቱ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 2 እ.ኤ.አ. በ1995 ምን አለ? «ሞዚላ ነኝ!» ገባ። ዛሬማ ሞዚላ ያልሆነ ፈልጌ አጣሁ።

ኦፔራማ አሳዘነኝ። በ2009 ስሪት 10 ላይ ደረሰ። የናንተ ኮድ የመጀመሪያዋን አሃዝ ብቻ አንብቦ «1? ሂድ ወዲያ፣ አሮጌ!» አለው። ምን ያድርግ? «9.80 ነኝ» ማለት ጀመረ። ዕድሜ የሚደብቅ ሰው አይተናል፤ አስር ሞልቶት ዘጠኝ ነኝ ያለው ግን እናንተ እስከ አስር መቁጠር ስላቃታችሁ ነው።

ኤጅስ? አዲሱን ከአሮጌው እንዳታምታቱበት በ2020 ከስሙ ጫፍ አንዲት ፊደል ቆርጦ «ኤድግ» ሆነ። እደግ ተመንደግ! ዊንዶውስ ፎን 8.1 ደግሞ በአንድ ትንፋሽ አንድሮይድንም አይፎንንም ይጠራ ነበር። ሁለት ባላ ተክሎ! አይፓድ ከ2019 ጀምሮ «ማክ ነኝ» ይላል፤ አንተም አምነህ፣ በጣቱ ለሚነካካ ሰው ማውስ ሲያንዣብብበት ብቻ የሚከፈት ሜኑ ታቀርብለታለህ። ምን ያድርግ፣ ከጎተራ አይጥ ይዞ ይምጣ?

ቆይ፣ አልጨረስኩም። የዛሬውን የአንድሮይድ ክሮም አየኸው? ሳምሰንግ በለው ቴክኖ፣ ከ2023 ወዲህ የሚልክልህ አንድ ነው፦ «አንድሮይድ 10፤ ኬ»። ትናንት ከካርቶን የወጣው ስልክ? 10። ሞዴሉስ? ኬ። አሁን አንተ የስልክ ሞዴል ዝርዝርህን ዘርግተህ ኬን ልትፈልግ ነው። አትልፋ። ኬ ማለት ኬረዳሽ!

የስክሪኑ ስፋት ከቸገረህ ሚዲያ ኩዌሪ አለልህ፤ ስፋቱን ጠይቅ። ብራውዘሩ አንድ ነገር መቻሉን ማወቅ ከፈለግክ ያንኑ ነገር ፈትነው። ስሙ ምን ያደርግልሃል፣ ልትድረው ነው? አንድ የታወቀ ስሪት ላይ ያለች ችግር ለማለፍ ስሙን ብታይ፣ እሺ፣ ይቅር ብያለሁ።

«ኮዴ እኮ ሁሉንም ያውቃል» ትላለህ አሁንም? አንዲት ልጅ ሦስቱን ነጥብ ነካ አድርጋ «ዴስክቶፕ ሳይት» የምትለውን መረጠች። ስልኳ «ኮምፒውተር ነኝ» አለ። ያ ሁሉን አዋቂ ኮድህም ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «እንዴት ዋሉ፣ አቶ ኮምፒውተር?» አለው።