የጀርባ ሽፋን

ሰው በታክሲ ሰልፍ ይናደዳል፣ በመብራት መጥፋት ይናደዳል፣ በዘይት ዋጋ ይናደዳል። እኔን ሰሞኑን የሚያብከነክነኝ የአንድ መጽሐፍ ጀርባ ነው።

መጽሐፉን የገዛሁት ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው አጥር ሥር ላስቲክ አንጥፎ ከሚሸጥ ልጅ ነው። አምስተኛ ክፍል ለገባች የእህቴ ልጅ ስጦታ ፈልጌ «ለልጅ የሚሆን ነገር አለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ጎንበስ አለና አንዱን መዝዞ፣ በእጅጌው ጠረግ ጠረግ አድርጎ «ይቺን ይውሰዱላት፣ ጋሼ፤ ምርጥ ናት» አለኝ። «ስለ ምንድን ነው?» አልኩት። አልመለሰልኝም፤ ገልብጦ ጀርባውን አሳየኝ። የደራሲው ፎቶ አለ፤ አገጩን በመዳፉ ደግፏል፣ ጥርሱን አሞት ይሁን አስቦ እንጃ። ዋጋው ላይ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ በወረቀቱ ላይ ደግሞ ሌላ ወረቀት። ከሁሉ በላይ በደማቁ እንዲህ ይላል፦ «ልጆች፣ ወጣቶችና አዋቂዎች ሁሉ ሊያነቡት የሚገባ ድንቅ ልብ ወለድ!» ከሥሩ የአስተያየት ሰጪው ስም፣ ከስሙ ፊት ማዕረግ፣ ከማዕረጉም ፊት ሌላ ማዕረግ። ታዲያ እኔ ማን ነኝ? ከፈልኩ።

ማታ፣ ለልጅቷ ከመስጠቴ በፊት እስኪ ልየው ብዬ ጀመርኩት። ምዕራፍ አንድ ደህና ነው፤ ዝናብ ይዘንባል። ምዕራፍ ሁለት ላይ ባልየው ሰክሮ ገባ። ምዕራፍ ሦስት ላይ ሚስትየው ቢሾፍቱ ሄደች፤ ብቻዋንም አልሄደችም። ምዕራፍ አራትን እንኳን ለአምስተኛ ክፍል ተማሪ ለእናቷም ማስነበብ አልደፍርም።

ልቦለዱ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ሰው ይሰክራል፤ ሰው ቢሾፍቱ ይሄዳል። አዋቂዎቹ ያንብቡት፤ ወጣቶቹም ብንከለክላቸው ማንበባቸው አይቀርም። ልጆቹን ግን ማን ጠራቸው? ባለ ሁለት ማዕረጉ ሰውዬ «ልጆች» ብሎ ሲጽፍ የትኛው ልጅ ነው በዓይኑ የመጣበት? ፒያሳ የልብስ ሱቅ ገብታችሁ «ልኬ አለ?» ስትሉ ሻጩ «ፍሪ ሳይዝ ነው» የሚላችሁ ነገር አለ አይደል? ለቀጭኑም ለወፍራሙም ይሆናል የተባለው ልብስ ለማንም እንደማይሆን ሁላችንም ለብሰን አይተነዋል።

አስተያየቱ እንዴት እንደሚጻፍ መቼም ታውቁታላችሁ። ደራሲው ይደውላል። «ጋሼ፣ ጥቂት መስመር ብቻ፤ ማተሚያ ቤት ልንገባ ነው።» ጥራዙ ይላካል። ጋሼ ሥራ ይበዛባቸዋል፣ ለቅሶ ይደርሳሉ፣ ማተሚያ ቤቱ ይቸኩላል። መጀመሪያውን ገለጥ፣ መጨረሻውን ገለጥ ያደርጉና ማንንም ላለማስቀየም አገሩን በሙሉ በሦስት ዕድሜ ከፍለው ይጋብዙታል። እንዲያውም በዚህ አገር መጽሐፍን ከሽፋን እስከ ሽፋን፣ ነጠላ ሰረዝ ሳይዘል፣ በደመወዝ ያነብ የነበረው ሳንሱር ብቻ ሳይሆን አይቀርም። እሱም በ1985 በፕሬስ አዋጁ ቀረ። እሰይ፣ እንኳን ቀረ፤ ግን በእሱ ቦታ ሌላ አንባቢ አልተቀጠረም።

የሚገርመው ደግሞ ቦታው ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ከለቀቁበት ከ1954 ጀምሮ በዚያ አጥር ውስጥ ስለ ሥነ ጽሑፍ ያልተባለ የለም። ስለ ገጸ ባሕርይ አሳሳል ተብሏል፣ ስለ አንጻር ተብሏል፣ ስለ ግጭት ተብሏል። የመመረቂያ ጽሑፉ መደርደሪያ ሙሉ ነው። ከአጥሩ ውጭ ግን፣ መጽሐፉ በሚሸጥበት አስፋልት ዳር፣ ያለው ሂስ ያቺው የጀርባዋ ዓረፍተ ነገር ናት።

ነገር ነገርን ያነሳዋልና፣ ሐቀኛ ሂስ ያነበብኩት የት እንደነበር ልንገራችሁ። የሚከራይ መጽሐፍ ላይ ነው። መጽሐፍ በሳንቲም የምትከራዩበት፣ መያዣ አስይዛችሁ ደብተር ላይ የምትፈርሙበት ጠባብ ሱቅ ትዝ ይላችኋል? ሽፋኑ በካርቶን ተጠግኗል፣ ጀርባው በክር ተሰፍቷል፣ ጠርዙ በእጅ ወዝ ጠቁሯል። ሂሱ ያለው ኅዳጉ ላይ ነበር። የሲሳይ ንጉሡን «ሰመመን» የተከራየ ሰው ያውቀዋል፤ ታሪኩ እዚሁ ስድስት ኪሎ ግቢ ነው የሚሆነው፤ አቤል ትዕግስትን ይወዳል፣ መናገር ግን አቅቶታል። በተከራየሁት ቅጂ ላይ አንዱ በሰማያዊ እስክሪብቶ «አይዞህ አቤል!» ብሎ ጽፏል። ከሥሩ በሌላ እጅ «ምን አይዞህ ትለዋለህ፣ ይንገራትና ይገላገል!» ተብሏል። ከእሱ ሥር «መጽሐፍ ላይ አትጻፉ» የሚል አለ፤ መጽሐፍ ላይ። ከእሱም ሥር አንድ አስተማሪ መሆን አለበት፣ በቀይ የሁሉንም ፊደል አርሟል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ባልቆይ ይሻላል፣ ግን ልቆይ። ከእጅ ጽሑፉ ዕድሜ ይታወቅ ነበር። ልጅየው ሽፋኑ ላይ ላለችው ሴት ጺም ይስላል። አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው በየገጹ ልብ ይስላል፤ ቀስትም ይጨምርበታል፤ አንዳንዱ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል አስገብቶ የእሷን ቦታ ክፍት ይተወዋል። አዋቂው በእርሳስ፣ በቀጭኑ፣ የመጨረሻው ገጽ ላይ ቀን ያስቀምጣል፤ «በክረምት፣ አልጋ ላይ ሆኜ ጨረስኩት» ይላል፣ ሌላ አይልም። የት ቦታ እንደሰለቻቸውም ይታወቃል፤ ጽሑፉ ድንገት ይቆምና የገበያ ሂሳብ ይጀመራል። በርበሬ፣ ሽንኩርት፣ ሳሙና። ደራሲ ይህን አይቶ ካልታረመ በምን ይታረማል? ደግሞ ክፉ ሰው ነበረ፤ ገጽ ሦስት ላይ «መጨረሻ ላይ ትሞታለች» ብሎ የሚጽፍ። እሱን እስካሁን ይቅር አላልኩትም። በአንጻሩ የመጨረሻ ገጹ ከተቀደደ ልቦለድ ላይ፣ አንድ ደግ ሰው የጎደለውን በደብተር ወረቀት ጽፎ በሙጫ ለጥፎበት አግኝቻለሁ። ደራሲው የጻፈው ይሁን ደጉ ሰው የፈጠረው አላጣራሁም። ማጣራትም አልፈልግም፤ ቆንጆ አጨራረስ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ አንዲቷን ቅጂ ልጅም፣ ወጣትም፣ አዋቂም አንብቧት ነበር። ማንም ጀርባዋ ላይ ስላላወጀ ግን እያንዳንዱ የገባውን ያህል ገብቶት፣ ያልገባውን ዘሎ፣ ቃሉን ጥሎ ሄደ። በ1958 የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከውም እንዲሁ ነበር። ልጁ ጉዱ ካሳ መቼ ይመጣል ብሎ ይጠብቃል፤ ወጣቷ ለሰብለና ለበዛብህ ታለቅሳለች፤ አባወራው ፊታውራሪ መሸሻ በገበሬዎቹ እጅ ሲገቡ እየሳቀ ጭኑን ይመታል። ሦስት ዕድሜ በአንድ ሬዲዮ ዙሪያ ተቀምጦ ሦስት የተለያየ መጽሐፍ ይሰማል። «ለሁሉም የሚሆን» መባል ያለበት ይሄ ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ እዚህ ላይ ቀልዱ ያልቅብኛል። ለልጆች የሚጻፈውን ማን ይገመግመዋል? ስለ በዓሉ ግርማ ጉባኤ አለ፤ ስለ አዳም ረታ የግርጌ ማስታወሻ ቁጭ ብለን እንከራከራለን፤ ደግ አደረግን። የልጆቹ መጽሐፍ ግን በሽቦ የተመታ ሠላሳ ገጽ ነው፤ ሥዕሉ ላይ ልጁ ስድስት ጣት አለው፣ ሲገለጥ መሃሉ ይረግፋል፣ መጨረሻ ላይ ሰነፉ ይቀጣል። አንድ ሐያሲ አንስቶ «ይህ ታሪክ አሰልቺ ነው» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አንድ ልጅስ ተጠይቆ ያውቃል? ምረቃው ላይ ልጆች ይጠራሉ፤ ግጥም ያቀርባሉ፣ ይጨበጨብላቸዋል፣ ኬክ ይሰጣቸዋል። «ልጄ፣ መጽሐፉ ደስ አለሽ? የቱ ጋ ተኛሽ?» የሚላቸው የለም። ልጅ ሲሰለቸው «ጀምሮ መተው ነውር ነው» ብለን እንገሥጸዋለን፤ እኛ የጀመርነውን ሁሉ የጨረስን ይመስል! ጀርባው ላይ ያለችው «ልጆች» የምትለው ቃልም ለልጅ አልተጻፈችም። ለእናት ቦርሳ ነው የተጻፈችው። ስንፍና ነው፤ ከስንፍናም ንቀት ነው። ልጅን እንደ አንባቢ አልቆጠርነውም፤ ከቆጠርነውማ ውሸቱን በፊቱ አንጽፍበትም ነበር።

ልጆችን በቁም ነገር የያዙ ሰዎች አልጠፉም። አባባ ተስፋዬ ከ1957 ጀምረው አርባ ዓመት ያህል በቴሌቪዥን ተረት ሲነግሩ የሚሰለች ተረት ቢመርጡ ኖሮ ያ ሁሉ ልጅ ጎረቤት ቤት ደጃፍ ላይ ተጠጋግቶ አይቀመጥም ነበር። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስም ሳን ፍራንሲስኮ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሲሠሩ በአማርኛ የተጻፈ የልጅ መጽሐፍ ቢያጡ ማሞ ቂሎን በሁለት ቋንቋ አሳተሙት፤ ኋላም አገራቸው ተመልሰው በ1995 ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ ሐዋሳ ላይ ደግሞ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ አስጎተቱ። አህያዋ ከብዙዎቻችን በላይ ለልጆች ሥነ ጽሑፍ ሠርታለች።

ከማሞ ቂሎ በኋላ ግን መንገዱ ይቋረጣል። ከጅብና ከአህያ ተረት የወጣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ቀጥሎ የሚደርሰው የት ነው? የእኔ ትውልድ ሲያድግ በቀጥታ የአዋቂ ልቦለድ ላይ ነው የወደቀው፤ ያውም ሽፋኑን በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ጠቅልሎ፣ የታሪክ መጽሐፍ ነው እያለ። እንግሊዞች ነገሩን ገልብጠውታል፤ ሃሪ ፖተርን አዋቂዎች ባቡር ውስጥ ሳያፍሩ እንዲያነቡት ሌላ፣ ጨለም ያለ ሽፋን አሳተሙላቸው። የእነሱ አዋቂ የልጅ መጽሐፍ ይደብቃል፣ የእኛ ልጅ የአዋቂ። ጋዜጣው ግን ከሽፋኑ ይረክሳል፤ ያ የእኛ ብልጫ ነው።

ይሁን። ባለ ሁለት ማዕረጉ ሰውዬም ቤተሰብ አለው፣ ስልክ ይደወልለታል፣ እምቢ ማለት ይከብዳል። ደራሲውም ቢሆን ከኪሱ አሳትሞ፣ አዟሪ ከመዳፉ እስከ አገጩ ደርድሮ ካፌ ለካፌ ሲዞርለት፣ «ከአርባ ዓመት በላይ ለሆኑና አንድ ጊዜ ለተፋቱ ብቻ» ብሎ ቢጽፍበት ማን ይገዛዋል? እኔ ግን እገዛው ነበር፤ ለማን እንደሚሰጥ ወዲያው ይታወቃልና።

ለእህቴ ልጅ በመጨረሻ የወሰድኩላት የተረት መጽሐፍ ነው። አንድ ምሽት ጨረሰችውና «ጅቡ ለምንድን ነው ሁሌ ሞኝ የሚሆነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። «እውነተኛው ጅብ እንኳ ሞኝ አይደለም፣ ሌሊት ከእንጦጦ ወርዶ ቁስቋም ድረስ ይጮኻል» ብላት ጭራሽ ካልሰማሁት አለች። እናቷ ልጄን እንቅልፍ ነሳህብኝ ብላ ተቆጥታኛለች። ቁስቋም የሚኖር ወዳጅ አለኝ፤ ቅዳሜ ማታ እሱ ቤት ወስጄ ላሰማት አስቤ ነበር። ሰውዬው ግን መጽሐፍ ማተሚያ ቤት ሊያስገባ ነው አሉ። አንድ ጊዜ ደወልኩለት፣ አላነሳም፤ መልሶ ሲደውልልኝ እኔም አላነሳሁም።