«በግብርና ሥራ ተሰማርተው»፦ በቀብር ላይ ስለሚነበብ የሕይወት ታሪክ የቀረበ ጥናት

አንድ ገበሬ በሕይወት ሳለ ስለ እሱ የተጻፈ ነገር ቢፈለግ የሚገኘው የግብር ደረሰኝ፣ የማዳበሪያ ዕዳ ዝርዝርና የእድር መዋጮ መዝገብ ነው። በሞተ በማግስቱ ግን አንድ ገጽ ተኩል ታሪክ ይወጣለታል። ይህ ጥናት የሚመረምረው ያንን አንድ ገጽ ተኩል ነው። መነሻው ከደብረ ብርሃን ወጣ ብለው ባሉ ትንንሽ ከተሞች፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ቆሜ ያዳመጥኳቸው ንባቦች ናቸው። የናሙናው ብዛት የተወሰነው በአጥኚው የጉልበት ጽናት ነው።

ዋና ማስረጃዬ በ2016 ግንቦት ላይ የተቀበሩ አንድ የገብስ ገበሬ ናቸው። ስማቸውን አልጠቅስም፤ በተነበበላቸው ጽሑፍም ውስጥ ከመጀመሪያው መስመር በኋላ «ሟች» ተብለው ነው የዘለቁት።

ከዕድሜ እንነሣ። ሟች «በተወለዱ በ84 ዓመታቸው» ማረፋቸው ተነቧል። እሳቸው ግን በሕይወት ሳሉ ስለ ልደታቸው የሚሰጡት መረጃ አንድ ብቻ ነበር፤ «የታኅሣሥ ግርግር ጊዜ እረኛ ነበርኩ» ይሉ ነበር። ግርግሩ በ1953 ነው። እረኝነት በ6 ዓመት ግድም ይጀመርና እርፍ ለመያዝ ክንድ ሲጠና፣ 12 ላይ ያበቃል። ስለዚህ ሟች የተወለዱት ከ1941 እስከ 1947 ባለው ጊዜ ነው፤ ሲያርፉ ቢበዛ 75 ዓመታቸው ነበር። የቀሩት 9 ዓመታት ከየት እንደመጡ ትልቋን ልጃቸውን ጠየቅኩ። «ሰባ አምስት ተብሎ ይነበባል እንዴ? በጨቅላነታቸው ተቀጩ ሊባልብን?» አለችኝ። ዕድሜም እንደ ጤፍ ዋጋ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች እንደማይሄድ ከዚህ ይታወቃል።

ጽሑፉ የሚዘጋጀው ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ባለች የኮምፒዩተር ጽሑፍ ቤት ነው። ጸሐፊዋ የቀደመውን ሟች ፋይል ትከፍትና ስም ትቀይራለች። ይህን አሠራር ያስቻለው የቋንቋችን ጸባይ ነው፤ የአንቱታ ግሥ ጾታ የለውም። «ተወለዱ፣ አደጉ፣ ትዳር መሠረቱ፣ አረፉ» ለወንድም ለሴትም ያገለግላል። «ባለቤታቸው» የሚለውም ባልም ሚስትም ይሆናል። ከስሙ ሌላ የሚነካው «አቶ» እና «ወይዘሮ»፣ «አባት» እና «እናት» ብቻ ነው። አደጋ የሚመጣው የሥራ መስክ ሲለያይ ነው። የኛ ሟች የተጻፉት በአንድ መምህር ፋይል ላይ ስለነበር «በጡረታ እስከተገለሉበት ጊዜ ድረስ» የሚል ሐረግ ሳይጠፋ ቀርቶ ተነቧል። ከለቀስተኛው ማንም አልሳቀም። ገበሬ ጡረታ ወጣ ሲባል የሰማነው ያኔ ብቻ ነው፤ ምናልባትም ትክክል ነበር፣ ጡረታቸው የጀመረው በዚያው ቀን ስለሆነ።

ፎቶግራፉንም መርምሬያለሁ። በትልቁ ታትሞ በአስከሬኑ ፊት የተያዘው ምስል ለመሬት ይዞታ ደብተር የተነሡት ጉርድ ፎቶ ነው። በክልሉ ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ፎቶ ይለጠፋል። ስለዚህ በሐዘኑ ቀን ያየነው ፊት መሬቱን ለሚለካ ሰው የተዘጋጀ ፊት ነው፤ ያኮረፈ፣ አንድ ጥማድ እንኳ እንዳይቀነስበት የሚጠባበቅ።

አሁን ወደ ሥራቸው። የስድሳ ዓመት ድካም በጽሑፉ ውስጥ ሦስት ቃል አግኝቷል፤ «በግብርና ሥራ ተሰማርተው»። መሰማራት ለከብትም የሚነገር ቃል መሆኑን አልፈዋለሁ። ሦስቱ ቃላት ግን ምን ምን እንደያዙ መዘርዘር የጥናቱ ግዴታ ነው። ሟች ሲወለዱ ባላገር ነበሩ። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ፣ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሔክታር በላይ እንዳይዝ ሲታወጅ የገበሬ ማኅበር አባል ሆኑ። (10 ሔክታር ይዞ የሚያውቅ ሰው በዚያ አካባቢ አላገኘሁም።) ቀጥሎ በኮታ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ገብስ አስረከቡ። ከ1983 በኋላ «አርሶ አደር» ተባሉ፤ አርሶ የሚያድር ማለት ነው፣ ሳይበላ ያደረበትን ሌሊት ስያሜው አይጨምርም። በሦስቱም ማዕረግ የያዙት እርፍ ያው ነው። ሞፈሩ፣ ቀንበሩ፣ ድግሩ፣ ምራኑ መንግሥት መለወጡን አልሰሙም። የገብሱ ማሳ በየዓመቱ ተገምሶ፣ ታይሞ፣ ተሰልሶ ዘር ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ ውርጭ ካልመታው ይበላል።

ሟች አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ባለ አንድ በሬ ነበሩ። ሁለተኛውን የሚያገኙት ከድንበርተኛቸው ጋር በመቀናጆ ነበር። ከኚሁ ድንበርተኛ ጋር ደግሞ በአንድ ክንድ ወሰን ምክንያት ለዓመታት ተካሰዋል። ጠዋት ፍርድ ቤት ቆመው ከሰዓት በሬዎቻቸውን በአንድ ቀንበር የሚጠምዱ ሁለት ሰዎችን ሕይወት የሚገልጽ ቃል በጽሑፍ ቤቷ ፋይል ውስጥ የለም። ጽሑፉ «ሰው አክባሪ፣ እንግዳ ተቀባይና ለተቸገረ ደራሽ» ብሎ አልፎታል። እስካሁን ባዳመጥኩት ሁሉ እንግዳ የማይቀበል ሟች አላጋጠመኝም። እንግዳ የሚያባርሩት በሙሉ ገና በሕይወት አሉ ማለት ነው።

ቤተሰብን የሚመለከተው ክፍል ረጅሙ ነው። ሟች የ7 ልጆች አባት ሲሆኑ «ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል»። ወግ ማዕረግ ምንድን ነው? የአነባበቡን ቅደም ተከተል አይቼ ለመበየን ሞክሬያለሁ። መጀመሪያ አሜሪካ ያለው ተጠራ፤ ከዚያ ጅዳ ያለችው፤ ከዚያ ደብረ ብርሃን በመንግሥት ሥራ ላይ ያለው፤ ከዚያ አይሱዙ የሚነዳው፤ ከዚያ ሁለቱ ያገቡት። ሰባተኛው የመጨረሻ ልጅ ነው። አባቱን ያስታመመው፣ ጠበል ያመላለሰው፣ በሬውን የሚያበላው እሱ ነው። ጽሑፉ «እና ሌሎችም» ይላል። ልጆቹን ቆጥሬ ሌሎች የተባሉት አንድ ሰው መሆናቸውን አረጋግጫለሁ።

በሰልስቱ ጠዋት ድንኳኑ ውስጥ ያ ልጅ የለም። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ቄሱም መጥተው፣ ረፈድ ሲል እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ብቅ አለ። እኅቱ ልትናገረው ተነሣች።

«የት ነበርክ? ያባትህ ሰልስት ነው ዛሬ!»

«መሬቱም አልተሰለሰም ነበር» አላት።

ድንበርተኛው ሽማግሌ ከጥግ ቀና አሉ። በቀብሩ ዕለት ከሁሉ አብልጠው ያለቀሱት እሳቸው ነበሩ፤ ዓይናቸው ገና አልበረደም።

«የኔን በሬ ነው የጠመድከው?»

«አዎ ጋሼ። ተራው የኛ ነው ብሎኝ ነበር አባቴ።»

«ተራስ ተራችሁ ነው። ድንበሩን እንዳባትህ እንዳትገፋብኝ ብዬ ነው እንጂ።»